ለጉም የተላኩ ሽማግሌዎች

ይህ ጨዋታ ወጣቶችን ባዕድ አምልኮ ያስለምዳል ይባላል። አያስለምድም። ከአንድ ዓመት በላይ እኔው ሳሎን ውስጥ ሲጫወቱት ኖረዋል፤ አንድም ሰው ለአንድም አምላክ ሲንበረከክ አላየሁም። ያየሁት አማልክቱን ሲከሱ፣ ሲሟገቱና ቀለብ ይቆረጥልን ሲሉ ነው። ሌላው ወቀሳ ከእውነተኛ ኑሮ ያርቃል የሚለው ነው። ይህም ስሕተት ነው። እኛ ቤት ልጅ ተወልዳ ለአቅመ ጋብቻ እስክትደርስ ድረስ ተሸፍኖ የኖረ አንድ እውነት ነበር። የንስሐ አባት አላወጡትም፤ ዘመድ አላወጣውም፤ እኔም አላወጣሁትም። የወጣው በዚህ ጨዋታ መሀል፣ እሑድ ከቀትር በኋላ፣ ቆሎ እየተቆረጠመ ነው።

ጨዋታውን ለማያውቅ ሰው ባጭሩ ላስረዳ። ሰሌዳም ካርታም የለውም። ጠረጴዛ ከብበው ይቀመጣሉ፤ አንዱ ተራኪ ይሆናል፤ የቀሩት እያንዳንዳቸው አንድ ሰው ይፈጥሩና በዚያ ሰው ስም “ወንዙን እሻገራለሁ”፣ “በሩን አንኳኳለሁ” እያሉ ይናገራሉ። መሳካት አለመሳካቱ የሚታወቀው ፊቱ የበዛ ዳይስ ተወርውሮ ነው። ሕጉ ከኢንተርኔት ተገኝቶ ጎንደር አራዳ ፎቶ ኮፒ ቤት የተጠረዘ ወፍራም መጽሐፍ ነው። የዚህኛው ልዩ ባሕርይ የሚፈጠሩት ሰዎች ሁሉ ከአምላክ አባትና ከሰው እናት የተወለዱ መሆናቸው ነው።

ተጫዋቾቹ አራት ናቸው። የእህቴ ልጅ አራዳ መድኃኒት ቤት ትሠራለች፤ ከእናቷ ጋር አዘዞ እኔ ቤት ነው የምትኖረው። እጮኛዋ የፊዚክስ መምህር ነው፤ ኮሶዬ ተወልዶ ያደገ ረጋ ያለ ልጅ፤ ተራኪው እሱ ነው። ባንክ የምትሠራ አንዲት ጓደኛቸው አለች። አራተኛው ዲያቆን ነው። ዲያቆኑ መጀመሪያ የመጣው ሊገሥጻቸው ነበር። አንድ እሑድ ቆሞ ሰማቸው፤ በሚቀጥለው እሑድ “ሕጉን ተሳስታችኋል” ብሎ መጽሐፉን ከእጃቸው ተቀበለ፤ ከዚያ ወዲህ የቀረበት ቀን ትዝ አይለኝም። እኔ ጥግ ካለው ወንበር ላይ እያነበብሁ፣ ማለትም ያነበብሁ እየመሰልሁ፣ አዳምጣቸዋለሁ።

መጽሐፉ አማልክት ከሰው እንዴት እንደሚወልዱ የሚያስረዳ አንድ ሙሉ ምዕራፍ አለው። በዝናብ ይመጣሉ፤ በበሬ መልክ ይመጣሉ፤ የሴትዮዋን ባል መስለው ይመጣሉ፤ በሕልም ይመጣሉ። ሰው ይህን ሲያነብ ረቂቅ ምሥጢር ነው ይላል። እኔ የብዙ አገር የጥንት ተረት አንብቤአለሁ፤ ምንም ረቂቅ ነገር አላገኘሁበትም። አምላኩ ከሩቅ ይመጣል። ማንነቱን በትክክል አይናገርም። ተመልሼ እመጣለሁ ይላል፤ አይመለስም። አንድ ዕቃ ጥሎ ይሄዳል። ልጁ ሲያድግ ያንን ዕቃ ይዞ አባቱን ፍለጋ ይወጣል። ይህን ሁሉ ለማድረግ አምላክ መሆን አያስፈልግም። ያደረጉት ሰዎች አውቃለሁ፤ አንዳቸውም መብረቅ አልነበራቸውም።

ጨዋታው ሲጀመር እያንዳንዱ ተጫዋች ሦስት ጊዜ ይወረውራል፦ አባትየው በምን መልክ መጣ፣ ምን ስጦታ ትቶ ሄደ፣ ልጄ ብሎ ተቀብሏል ወይስ አልተቀበለም። ያልተቀበሉት ልጅ አባቱ እስኪቀበለው ድረስ ከሌሎቹ ደክሞ ይጫወታል። የመጽሐፉን አማልክት ትተው የራሳቸውን ነው የሠሩት፤ የሐይቅ፣ የነጎድጓድ፣ የጉም። የእህቴ ልጅ ስትወረውር አባቷ ጉም ሆኖ መጣ፤ ምንም አልተወላትም፤ አልተቀበላትም።

“ዳይሱም ያውቀኛል” ብላ ሳቀች። እጮኛዋ እንደገና ወርውሪ አላት። እንቢ አለች።

እንዲህ ያሉትን ልጆች በአማርኛ ምን እንበላቸው ተብሎ ሲመከር ባንከኛዋ ሳታስበው “ዲቃላ አይበቃም?” አለች። ጠረጴዛው ጸጥ አለ። ባንከኛዋ እጇን አፏ ላይ አደረገች። ዝምታውን የሰበረችው የእህቴ ልጅ ራሷ ናት፤ “ጻፉት እንጂ፤ ቃሉ ሲሠራ ለኔ አይደል የተሠራ” አለች። እጮኛዋ ግን ቀና ሳይል “የአማልክት ልጆች” ብሎ ጻፈ።

የዝምታውን ምክንያት ልናገር። በወረቀት ላይ የዚች ልጅ አባት የኔው አባት ነው፤ ማለትም አያቷ። እህቴ በወጣትነቷ ኮሶዬ ላይ፣ ደባርቅ መንገድ ዳር፣ አክስታችን ምግብ ቤት ትሠራ ነበር። አንድ ክረምት አርግዛ ተመለሰች። አባታችን ማነው ብሎ ጠየቃት፤ ዝም አለች፤ እሱም ዝም አለ፤ ልጅቱ ስትወለድ ስሙን ሰጣት። እኔ አንድ ጊዜ እህቴን ጠይቄ “ምነው፣ ወንድምዓለም? የጎደለባት ነገር አለ?” ተብዬ ተመለስሁ። ከዚያ ወዲያ በቤታችን ስለዚህ ጉዳይ የተናገረ የለም።

ጨዋታው ቀጠለ። ዲያቆኑ የሐይቁ ልጅ ነው፤ ባንከኛዋ የነጎድጓድ። ታሪኩ ሲገፋ ሁለቱ ይጋቡ ተባለ፤ መጽሐፉም ጋብቻ ለሁለቱም ኃይል ይጨምርላቸዋል ይላል። ዲያቆኑ እጁን አነሣ። ሰባት ቤት አልተቆጠረም አለ። ሐይቁና ነጎድጓዱ የአንድ ሰማይ ልጆች ናቸው፤ ስለዚህ ሙሽሮቹ የወንድማማች ልጆች ናቸው፤ ስለዚህ አይሆንም። ተራኪው ገጽ ገልጦ በአማልክት በኩል ያለ ዝምድና አይቆጠርም የሚለውን አነበበለት። ዲያቆኑ “የት አገር?” አለ። እንዲህ ሲሆን በዚያ ጠረጴዛ ዙሪያ ማንም ማንንም ማግባት እንደማይችል ታወቀ፤ አማልክቱ በሙሉ ዘመዳሞች ናቸውና።

ባንከኛዋ ተናደደች። “ልታገባኝ ካልፈለግህ እንዲያው በግልጽ ንገረኝ፤ ሰማዩን ምስክር አትጥራ።”

“ሰማዩ አያትሽ ነው፤ እንዴት ይመሰክራል” አላት።

ያን ዕለት ከሁሉም በላይ የሳቁት እጮኛሞቹ ነበሩ። ከጥምቀት በኋላ የልጁ ሽማግሌዎች ከኮሶዬ ሲመጡ ሳቁ ቆመ።

ሦስት ሆነው መጡ። ተናጋሪው የልጁ የአባቱ ታላቅ ወንድም ነበሩ፤ አባትየው ካረፈ ቆይቷል። እንደ ደንቡ አንቀመጥም አሉ፣ እንደ ደንቡ ተቀመጡ አልናቸው፣ ልጃችሁን ለልጃችን አሉ፤ ደስ ይለናል አልሁ። ከዚያ መቁጠር ተጀመረ። በእናቷ በኩል እኔው ሳልደናቀፍ እስከ ሰባት ዘለቅሁ። “በአባቷስ?” አሉ። እህቴ ተነሥታ ወደ ጓሮ ወጣች።

እኔ ስለ ሰባት ቤት ያለኝን አስተያየት በጽሑፍም በቃልም ስናገር የኖርሁ ሰው ነኝ፤ የስድስተኛ አያት ዝምድና ከጎረቤት ዝምድና አይበልጥም ባይ ነኝ። ልጀምር አፌን ስከፍት ሽማግሌው ቀደሙኝ።

“ለመናቅ አይደለም፣ ጌታው። ልጅቱ ሸጋ ናት፤ እናቷም ሸጋ ሰው ናት። ግን እናቷ እኛ አገር ሠርታለች። ያን ጊዜ ኮሶዬ ጎበዝ ሞልቶ ነበር። ወንድሜም፣ የዚህ ልጅ አባት፣ ምሳው እዚያ ነበር። አሁን ዐፈር ሆኗል፤ አልጠይቀው። ሁለቱ ልጆች የአንድ አባት ልጆች ቢሆኑስ?”

ለዚህ የሚሆን ነገር በየትኛውም መጽሐፍ አላነበብሁም። “አያ፣ ጊዜ ይስጡን” አልኋቸው። በጾም ሠርግ የለ፤ እስከ ዳግማይ ትንሣኤ ሰጡን። ካልተቆጠረ ግን ይቀራል፤ ቂም የለብንም ብለው ሄዱ።

ጓሮ ሄጄ እህቴን አገኘኋት። “ከነሱ አይደለም” አለች። ታዲያ ከማን? “አይደለም ካልሁ አይደለም።” ይህ ለሽማግሌ መልስ አይሆንም፣ እታለም፣ አልኋት። ልብሱን ከገመድ ማውረድ ጀመረች።

እጮኛው በማዘጋጃ ቤት እንፈራረም አለ። የእህቴ ልጅ እንቢ አለች፤ ሳትቆጠር ገብታ ዕድሜዋን ሙሉ በእናቱ ዓይን ስትመረመር መኖር አልፈለገችም። አዲስ አበባ ሄደን የደም ምርመራ እናድርግ አለ። ሙያዋ ነውና ለዚህኛው አሰበችበት። በኋላ “ምርመራው ማን እንዳልሆነ ይነግረኛል፤ ማን እንደሆነ አይነግረኝም። ሽማግሌዎቹ የሚጠይቁኝ ስም ነው” አለችው። እኔም ድርሻዬን ላበርክት ብዬ ሰባት አያቶች በአንድ ከሰዓት ጽፌ ልሰጣት እንደምችል፣ ሁለቱን ደብተራ፣ አንዱን አንጥረኛ እንደማደርግላት ነገርኋት።

“አያ፣ የተፈጠረ አባት አንድ አለኝ” አለች። “እሱም አልተቀበለኝ።”

ቀጣዩ እሑድ እንደ ወትሮው ተሰበሰቡ። ተራዋ ሲደርስ ተራኪው ምን ታደርጊያለሽ አላት።

“ሽማግሌ እልካለሁ።”

“ለማን?”

“ለአባቴ። ለጉሙ።”

መጽሐፉ አምላክን ለመለመን ሕግ አለው፤ ለመዋጋትም፣ ለማታለልም፣ ለመስረቅም አለው። ሽማግሌ ለመላክ የለውም። ወደ ፊትም ወደ ኋላም ገለጡት፤ የጻፉት ሰዎች አላሰቡትም። ለእኛዎቹ ግን ነገሩ ግልጽ ነበር፤ ልጅ ወልዶ የጠፋ ሰው አምላክም ቢሆን ሽማግሌ ይላክበታል። ተራኪው ዳይስ አይወረወርም፣ በንግግር ይለቅ ብሎ ፈረደ። ዲያቆኑ እኔ እሄዳለሁ አለ። የጉሙን ድምፅ የሚሰጥ ሰው ቸገረ።

“አያ፣ እርስዎ ይሁኑልን” አለችኝ የእህቴ ልጅ።

“ሥራ ፈት መሆኔን በምን አወቅሽ?”

“ገጹን ሳይገልጡ ሰዓት አለፈ።”

ስለዚህ አምላክ ሆንሁ። ዲያቆኑ ምንጣፉ ጫፍ ላይ ነጠላውን አደግድጎ ቆመና እጅ ነሣ።

“ጉም ሆይ፣ ልጅ አለዎት ይባላል።”

“ብዙ አለኝ” አልሁ።

“ይችን ያውቋታል?”

“ጉም በየደጁ ያልፋል፤ ማንን አውቆ ማንን ይተዋል?”

“አገርዎ ወዴት ነው?”

“አገር የለኝም።”

“አባትዎስ?”

“ሰማይ።”

“የሰማይስ አባት?”

እዚህ ላይ ተያዝሁ። አማልክት በሁለተኛው አያት ላይ ያልቅባቸዋል። ለማምለጥ ብዬ አመጣጤን ማስዋብ ጀመርሁ፤ እንዴት ከገደሉ ሥር በማለዳ እንደተነሣሁ፣ እንዴት ድምፅ ሳላሰማ በተዘጋው በር ሥር እንደገባሁ፣ እንዴት ሴቲቱ ብርድ ብቻ መስሏት ጋቢዋን እንደሳበች። ጥሩ እየሄደልኝ ነበር። እህቴ የቆሎ ሳሕን ይዛ በሩ ላይ መቆሟን ያየሁት ስትናገር ነው።

“በጉም አይደለም የመጣ” አለች። “በማኪና ነው።”

ዲያቆኑ እንዳጎነበሰ ቀረ። እጮኛው መጽሐፉን ዘጋ። የእህቴ ልጅ ወደ እናቷ አልዞረችም፤ ዐይኗን እኔ ላይ እንደተከለች፣ ጉሙ ላይ እንደተከለች፣ ቆየች። እህቴ ሳሕኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች፤ ባዶ ወንበር ስባ ተቀመጠች፤ የጠፋ ዕቃ የሚያስመዘግብ ሰው እንደሚናገር ተናገረች።

ኤንትሬ የጭነት ማኪና ነበር፤ ከነተሳቢው። ሲሚንቶ ጭኖ ወደ ደባርቅ ሲወጣ ኮሶዬ ላይ ካምቢዮው ተሰበረ። ረዳቱ መለዋወጫ ፍለጋ ጎንደር ወርዶ ቆየ፤ ሾፌሩ ማኪናውን ጥሎ መሄድ ስለማይችል እዚያው ሰነበተ። ክረምቱ መግቢያ ነበር። የሚበላው አክስታችን ቤት ነው፤ በግራ እጁ ስለሚበላ ሰው ይስቅበት ነበር። አገሩ ወሎ፣ ከደሴ ወዲያ ነው። ካምቢዮው ተሠራ፤ ለመስቀል ሽማግሌ እልካለሁ ብሎ ሄደ። የሱን ስምና የአባቱን ስም ነገረችን። እዚህ አልጽፋቸውም፤ እንዳልጽፍ ተነግሮኛል።

“የምግብ ቤቱን በር ቁልፍ ሲጠግን ካቻቢቴውን ረስቶ ነው የሄደ” አለች።

“የት አለ?” አለች ልጇ። የመጀመሪያ ቃሏ ነው።

“አጎትሽ መሳቢያ ውስጥ። ባለ ቀዩ እጀታ።”

ያን ካቻቢቴ አውቀዋለሁ። ሶኬት አጥብቄበታለሁ፤ መነጽሬን ሠርቼበታለሁ፤ የቀለም ቆርቆሮ ከፍቼበታለሁ። በዚህ ቤት ካለው ዕቃ ሁሉ ባለቤቱ እኔ መሆኔን የማልጠራጠረው እሱን ነበር። የእህቴ ልጅ ተነሥታ ከመሳቢያው አወጣችው፤ ጭኗ ላይ አስቀምጣው ተቀመጠች።

“ምነው እስከ ዛሬ፣ እማ?”

“ቃሉ እንዲያ ነበር፤ እሱ ሽማግሌ ሊልክ። እስኪልክ ስሙን አላነሣም አልሁ። አልላከም። አሁን አንቺ ለሱ ስትልኪ ስሰማ፣ ሁላችሁም ተሰብስባችሁ ጉሙን ስትለምኑት...” ቆሎውን ወደ ዲያቆኑ ገፋ አደረገችለት። “ቁጭ በል እንጂ አንተ፤ ወገብህ ተቆረጠ።”

ሽማግሌዎቹን አስጠራን። ሁለተኛ ሲመጡ የተናገረችው እህቴ ራሷ ናት፤ እኔ አፌን አልከፈትሁም፤ ይህም ቤተሰቡን አስገርሟል። የልጁ አጎት እስክትጨርስ መሬት መሬት ሲያዩ ቆዩ። ከዚያ “ወንድሜን በመቃብሩ አምቼዋለሁ፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ” አሉ፤ ፊታቸው በራ። ነገሩ ያለቀ መስሎኝ እጄን ለምርቃት ዘረጋሁ።

አላለቀም። እሳቸው የጀመሩትን ቆጠራ ሳይጨርሱ የሚነሡ ሰው አይደሉም። ሁለት ስም ተገኘ፤ አምስት ይቀራል አሉ። የወሎ ሰው ነው ማለት አያቱ የወሎ ሰው ነው ማለት አይደለም፤ በክፉ ቀን ሰው ይሰደዳል፤ የእሳቸው የገዛ አጎት ወደዚያው እንደወረደ ቀርቷል። ለእኛ ወገን ይከራከርልናል ብዬ ዲያቆኑን አስቀምጬው ነበር። ዲያቆኑ “ልክ ናቸው” አለ።

የእህቴ ልጅ አልተቃወመችም። እኔ ብቻ ነበርሁ የተናደድሁ። ሽማግሌዎቹ ሲወጡ ምን ይሉናል እነዚህ፣ እውነቱ ተነግሯቸው አይበቃም ወይ ስል፣ “እኔም አምስቱን ማወቅ እፈልጋለሁ፣ አያ” አለችኝ።

እጮኛው በትምህርት ቤት ዕረፍት ደሴ ሄደ። የጭነት ማኪና መቆሚያ ላይ ሽማግሌ ሾፌሮችን እየዞረ ጠየቀ። ግራኙን አውቀዋለሁ ያለ አንድ ሰው ተገኘ፤ በኋላ ወደ ጅቡቲ መስመር ዞሮ ነበር፣ ከዚያ ወዲህ አላየሁትም አለ። ሌላው አርፏል አለ፤ ሦስተኛው ያረፈው ሌላ ግራኝ ነው አለ። ልጁ ከስቶ ተመለሰ።

አሁን ጾሙ ተጋምሷል። እሑድ እሑድ ይሰበሰባሉ፤ ዲያቆኑ በጾም መጫወት ለምን እንደማይከለከል የሚያስረዳ አንድ አንቀጽ አግኝቷል። ታሪኩ ግን ፈቅ አላለም። የጨዋታው ሽማግሌ ጉሙ ፊት እንደቆመ ነው፤ ዲያቆኑ ሲመጣ “አሁንም ቆሜአለሁ” ይለኛል፤ እኔም አሁንም አልመልስለትም። የጉሙን አያቶች መፍጠር እችላለሁ፤ አልፈጥርም። የእህቴ ልጅ ካቻቢቴውን ቦርሳዋ ውስጥ ይዛ ትሄዳለች። መጽሐፉ ከአባት የተተወ ዕቃ ለልጁ ኃይል ይሰጣል ይላል። ባለፈው ሳምንት የመድኃኒት ቤቱ መደርደሪያ ላልቶ አጥብቃበታለች፤ እስካሁን የታየው ኃይል ይኸው ነው።

ስለዚህ አንተ ይህን የምታነብ ሰው፣ በወጣትነትህ ኤንትሬ ስትነዳ ኮሶዬ ላይ ካምቢዮ ተሰብሮብህ እንደሆነ፣ በግራ እጅህ የምትበላ እንደሆነ፣ ወይም እንዲህ ያለ አባት ያለህ እንደሆነ፣ ይቅርታህን አንፈልግም፤ ወሬህንም አንፈልግም፤ ካቻቢቴውንም አንመልስም። የአባቶችህን ስም እስከ ሰባት ቆጥረህ፣ ሳትጨምር ሳታጎድል፣ ከዳግማይ ትንሣኤ በፊት ላክልን።